አርባ አንድ ሰከንድ

«ስንት ነን?» አለ የእህቱ ባል፣ እስክሪብቶውን ጥርሱ ላይ እያንኳኳ። ጠረጴዛው ላይ ከሠፈሩ ጽሕፈት ቤት የመጣ የቤተሰብ መመዝገቢያ ቅጽ ተዘርግቷል። ማንም እስኪመልስለት አልጠበቀም፤ «አራት» ብሎ ጻፈ። ባል፣ ሚስት፣ ሁለት ልጆች። አምስተኛው ሰው፣ የሚስቲቱ ወንድም፣ በሩ ሥር አጎንብሶ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። እዚህ ቤት ከገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ የልብስ ስፌት መኪናው ባለበት ክፍል ከመጋረጃ ጀርባ ይተኛል፤ የመብራቱን ይከፍላል፤ ልጆቹን ትኩሳት ሲይዛቸው አቅፎ ክሊኒክ የሚሮጠው እሱ ነው። እህቱ ሻይ እየቀዳች ነበር። የሻዩ ክር ከማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ተቋረጠ፣ ከዚያ እንደገና ወረደ። ምንም አላለችም። እሱ በሥራ ልማዱ ቆጠረ፤ ዘጠኝ ሰከንድ። ቀና ሲል ዓይኗ የስኳሩ ዕቃ ላይ ነበር። «ስትመለስ ዳቦ ከመሀል ከተማ ይዘህ ና፤ እዚህ እኮ ትናንት ደግሞ ዋጋ ጨመሩ» አለችው። «እሺ» ብሎ ወጣ።

የሚሠራው ፍርድ ቤት ነው፤ ሥራውም መስማት ነው። ችሎት ላይ የተባለው ሁሉ በመቅረጫ ይቀዳል፤ ቅጂው ምድር ቤት ወዳለችው የግልባጭ ክፍል ይወርዳል፤ እሱም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ እየሰማ ይተይባል። ዳኞች ፍርድ ሲጽፉ ፊታቸው የሚያስቀምጡት እሱ የተየበውን ወረቀት ነው። በዚህ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። መጀመሪያ የገባው መዝገብ ተሸካሚ ሆኖ ነበር። ትየባውን የተማረው ሁለት ፊደል ጎድሏት ከተጣለች የጽሕፈት መኪና ላይ ነው፤ ሕጉን ደግሞ የተወገዱ መዝገቦችን ከማቃጠላቸው በፊት በማንበብ፣ ማንም ሳያስተምረው። የክፍሏ መስኮት ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ ከአላፊ አግዳሚው የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። ሁለት ጠረጴዛ አለ፤ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የሥራ ባልደረባው የጸሐፊዋ። የማዳመጫው ስፖንጅ ተበልቶ አልቆ በቁስል ፋሻ ጠቅልሎታል። ሁልጊዜ ጠዋት ማዳመጫውን ከማድረጉ በፊት በልቡ አንዲት ነገር ይላል፤ «የተባለውን እንጂ የመሰለኝን እንዳልሰማ ጠብቀኝ።»

ግድግዳው ላይ የክፍሉ ደንብ ተለጥፏል። ሳል፣ ሳቅ፣ ለቅሶ፣ የዕቃ ድምፅ አይጻፍም። ተጠያቂው ከአሥር ሰከንድ በላይ ዝም ካለ «መልስ አልሰጠም» ተብሎ ይጻፋል፤ ከአሥር በታች ከሆነ እንዳልነበረ ይታለፋል። ደንቡን የጻፈው ሰው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ ነገር ግን ጆሮ ደንቡን ይወደው ነበር። በጀማሪነቱ ጊዜ አንዲት ምስክር ስትንሰቀሰቅ ሰምቶ «አለቀሰች» ብሎ ጽፎ ነበር። ኋላ ሲጣራ ሴትየዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ኖሯል። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ እስካሁን መሳቢያው ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ለደንቡ እንደ ጸሎት ሰዓቱ ታማኝ ሆነ።

ጠዋት ጠዋት የችሎት አስከባሪው ሽማግሌ ጉልበቱ ስለሚያመው ፎቅ ከመውጣቱ በፊት እዚያች ክፍል ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ዛሬም ብርጭቆውን ይዞ መጣና ስለ ሻይ ዋጋ አማረረ። «በዚህ አያያዝ ከወር በኋላ ሽታውን ነው የሚሸጡልን» አለ። ጸሐፊዋ የዕለቱን የቀጠሮ ዝርዝር እያነበበች ነበር። «ያቺ የመምህሩ ቤት ሴትዮ ዛሬ ከሰዓት ውሳኔ አላት» አለች። «አዲሷ ዳኛ ናቸው የሚያነቡት።»

«የትኛዋ? ቁልፏን ያስቀመጠችው?» አለ ሽማግሌው።

«የምን ቁልፍ?»

«አልነገርኳችሁም? የፊተኛው ዳኛ ‹ለሟች ምናቸው ነሽ?› ብለው ሲጠይቋት፣ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደችና በክር ያንጠለጠለችውን የቤት ቁልፍ አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ አደረገችው። በቃ። ሌላ ነገር የለም። ዳኛው አዩት፣ እኔም አየሁት፣ ትንኝ እንኳ አልበረረም። በኋላ ‹አንሺው፣ እናቴ› አሏት። ሠላሳ ዓመት ችሎት ስጠብቅ እንደዚያ ያለ መልስ አልሰማሁም።»

«መልስ ነው እሱ?» ጸሐፊዋ ሳቀች። «ዝምታ ለበግም አልበጃት፣ አሥራ ሁለት ሆና አንድ ነብር ፈጃት።»

ጆሮ አልሳቀም። መዝገቡን ያስታውሰዋል፤ ከሦስት ወር በፊት የተየበው እሱ ነው። ሽማግሌው ብርጭቆውን ይዞ እስኪወጣ ጠበቀና ቅጂውን ከመደርደሪያው አወረደ።

የቤቶች ጽሕፈት ቤት ነበር ከሳሹ። ቤቱ በኪራይ የተያዘው በአንድ የሂሳብ መምህር ስም ነው፤ መምህሩ ሞተዋል። ሕጉ ደግሞ ተከራይ ሲሞት አብሮት በቋሚነት ይኖር የነበረ የቤተሰብ አባል ውሉን ይቀጥላል ይላል። የቤተሰብ አባል ማን እንደሆነ ግን አይልም። ሴትየዋ ጠበቃ የላትም። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፣ እንደተኛ ሕፃን አጠገብ የሚያወራ ሰው። የከሳሹ ነገረ ፈጅ ይጠይቃል፤ «ወደ ቤቱ የገባሽው ተቀጥረሽ ነው?» «አዎ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ባለቤታቸው ታመው ነበር።» «ደመወዝ ነበረሽ?» «መጀመሪያ ነበረኝ።» «መቼ ቆመ?» «ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ፣ ልጆቹ እማ ማለት ሲጀምሩ።» «ልጆቹ አሁን የት ናቸው?» «ሩቅ።» «መጥተው አልመሰከሩልሽም።» «ሥራ ይበዛባቸዋል።» ከዚያ የዳኛው ወፍራም ድምፅ፤ «ለሟች ምናቸው ነሽ?» ከዚያ ምንም። ጆሮ ዓይኑን ጨፍኖ ቆጠረ። በሃያ ሁለተኛው ሰከንድ የጨርቅ መፋተግ ይሰማል። በሃያ ዘጠነኛው ቀጭን ድምፅ፣ ብረት እንጨት ሲነካ። ከዚያ ሰዎች መተንፈስ እንደረሱ የሚያስታውቅ ጸጥታ። በአርባ አንደኛው፣ «አንሺው፣ እናቴ።» ግልባጩን አወጣ። ገጽ ዘጠኝ፤ «ለሟች ምናቸው ነሽ? መልስ አልሰጠችም።» ከሥሩ የራሱ ፊርማ አለ። «አንሺው» የምትለዋንም አገኛት፤ ምን እንደምታነሳ ሳይጠይቅ ጽፏት አልፏል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? የገዛ ጆሮው ሦስት ወር ሙሉ ሲደብቀው ከረመ።

ሊረሳው ሞከረ። ሌላ መዝገብ ጀመረ፣ ሦስት መስመር ተይቦ ተወው። ሰው የሞላ ነገር ተናግሮ ባዶ ተብሎ ሲጻፍበት፣ ያንን ባዶ የጻፈ እጅ ምን ተብሎ ይጠየቃል? ከምሳ በፊት ቅጂውንና ማዳመጫውን በፌስታል ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ።

የዳኛዋ ክፍል በመዝገብ ክምር ምክንያት ሰው የሚያልፈው በጎኑ ነው። መስኮቱ ላይ የደረቀ አበባ አለ፤ ጠረጴዛው ጥግ ላይ የተዛወሩት ዳኛ ረስተውት የሄዱት የመነጽር ቤት፣ ማንም ሳያነሳው። ዳኛዋ በአርባዎቹ መጀመሪያ ያሉ ሴት ናቸው፤ የምሳ ዕቃቸውን ከፍተው በአንድ እጅ እየበሉ በሌላው ይጽፋሉ። ጉዳዩን ሲነግራቸው ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ውሳኔ በሚነበብበት ቀን የግልባጭ ሠራተኛ ስለ መዝገብ ሊያነጋግረኝ መምጣቱ ነውር መሆኑን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ፣ ክብርት ዳኛ። የመጣሁት ስሕተቱ የእኔ ስለሆነ ነው።»

ዳኛዋ ፌስታሉን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ማዳመጫውን ከነፋሻው አድርገው አርባ አንዱን ሰከንድ ሰሙ። ሁለተኛም ሰሙ። ደጅ አንድ ሰው የፎቶ ኮፒ ዋጋ ከዳቦ በለጠ እያለ ይጨቃጨቃል።

«ያቺ ቀጭን ድምፅ ምንድን ናት?»

«የቤቱ ቁልፍ ነው፤ የችሎት አስከባሪው አይቷል።»

«አየ እንበል። ቁልፉን ማስቀመጧስ ምን ማለት ነው? ‹ቤቱ ቤቴ ነው› ማለት ነው? ‹ያመነኝ ሰው ነበር› ማለት ነው? ወይስ ‹እንኩ፣ ውሰዱት፣ ሰልችቶኛል›?»

«እሷን መጠየቅ ነው እንጂ፣ ክብርት ዳኛ፣ እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እኔስ?» ዳኛዋ ማዳመጫውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ በእጃቸው ያዙት። ሲቀጥሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ለእሱ የሚናገሩም አይመስሉም። «ሕግ ሲነበብ ቃሉ ብቻውን አይናገርም። የሚያነበው ሰው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ነገር አለ። እኔን ያሳደገችኝ ሠራተኛችን ናት። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ስታመም የምታድረው እሷ። የምትበላው ግን ማድ ቤት ነበር፣ ቆማ። ታዲያ ‹የቤተሰብ አባል› የሚለውን ሳነብ ዓይኔ የሚሄደው ወዴት ይመስልዎታል? ወደዚያ ማድ ቤት ነው። አንድ ቀን ‹አባል ናት› እላለሁ፣ ለእናቴ ጥፋት ካሳ እየከፈልኩ እንደሆነ ይታወቀኛል። በማግሥቱ ‹አይደለችም› እላለሁ፣ ያው የእናቴ ልጅ ነኝ። ራሴን አላምነውም። ስለዚህ ወረቀቱን እይዛለሁ። ወረቀቱ ቢያንስ የኔ አይደለም።»

«ወረቀቱ የኔ ነው» አለ ጆሮ።

ዳኛዋ ቀና ብለው አዩት። «ለምን ጻፉት ታዲያ?»

«ደንቡ ነው።»

«የእኔም ደንብ ነው» አሉና ምሳ ዕቃቸውን ከደኑ። «ክርክሩ ተዘግቷል። ተከራካሪዋ ራሷ ‹እንደገና ልጠየቅ› ብላ ውሳኔው ከመነበቡ በፊት ካመለከተች ልጠይቃት እችላለሁ። እርስዎ ግን ባለጉዳይ ማማከር አይፈቀድልዎትም። እኔም ይህን አልነገርኩዎትም።»

ደረጃውን ሲወርድ ያቺን ዓረፍተ ነገር እያገላበጠ ነበር። እየከለከሉት ነው ወይስ እየላኩት? በቅጂ የመጣች ቢሆን ኖሮ አንድ መስመር ናት፣ ተይቧት ያልፋል። አሁን ግን በእሷ ላይ ተመሥርቶ መቆም ወይም መሄድ አለበት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ የደረጃውን መደገፊያ ያዘ። ስልኩ ጠራ፤ እህቱ ናት። «ምሳ በላህ?» አለችው። በልታ እንደሆነ እሱም ጠየቃት። ከዚያ ዝም አለች። የሆነ ነገር ልትናገር አየር እንደሳበች ተሰማው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። «በል፣ ዳቦውን እንዳትረሳ» ብላ ዘጋችው። ሰባት ሰከንድ ከአሥር በታች ነው። እንዳልነበረ ይታለፋል።

ሴትየዋ ከችሎቱ ደጅ፣ ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምፅዋን እንጂ መልኳን አይቶ አያውቅም፤ ነገር ግን ሌላ ሰው ስትጠይቅ ሰማና አወቃት። ስድሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ የተተኮሰ ቀሚስ የለበሰች፣ ጫማዋ በቀለም ያበራ። ልክ ለእንግድነት እንደሄደ ሰው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋለች። አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ ሙቀቱ አንስቶ ስለ ወንበሩ ጥንካሬ አወራ፤ እሷም «አዎ» እያለች በትሕትና ተቀበለችው። ከዚያ ቃላቱ እርስ በርስ ተጠላለፉበት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ውሳኔው ሳይነበብ አንዲት ማመልከቻ ቢያስገቡ…»

ሴትየዋ መጀመሪያ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን የሠራተኛ መታወቂያ አየች። ከዚያ ፌስታሉን። ከዚያ እጁን።

«ስንት ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«ማመልከቻው ነዋ።»

«ኧረ ምንም! በነፃ ነው፣ እኔ ራሴ እጽፍልዎታለሁ…»

«ምንም የሚባል ነገር የለም፣ ወንድሜ። ያለፈው ወር የመጣውም ‹ምንም› ብሎ ነው የጀመረው። መታወቂያው እንደዚሁ የአንተ ዓይነት ነበር።» ቁጣ የለባትም፤ እንዲያውም ያዘነችለት መሰለች። «አትልፋ። የለኝም።»

ስለ ቅጂው፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ ገጽ ዘጠኝ ሊያስረዳት ሞከረ። በተናገረ ቁጥር ነገሩ ደላላ የሚያወራው ዓይነት እየሆነ ሄደ፤ ራሱ ጆሮ ያውቀዋል፣ በዚህ ዓይነት ድምፅ የሚናገሩ ሰዎች ስንት መዝገብ ላይ ሰምቷል። ጎናቸው የተቀመጡት ባለጉዳዮች አንገታቸውን አዞሩ።

«ለሟች ምናቸው እንደሆኑ የተጠየቁትን እንደገና ቢመልሱ ነው የምልዎት። በቃልዎ።»

«እኔ እኮ መልሻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ዳኛው በዓይናቸው አይተውታል። ያን ቀን ካሳየኋቸው የሚበልጥ ምን ቃል አለኝ? ሠራተኛቸው ነኝ ብል ልጆቹን ማን አሳደጋቸው ሊባል ነው። ሚስታቸው ነኝ ብል የሙት ስም ማጉደፍ ነው፤ አልነበርኩም። እህት አይደለሁ፣ እናት አይደለሁ። ማታ ማታ ቤቱን የምቆልፈው ግን እኔ ነኝ። ሁሉ መግባቱን አይቼ የምቆልፈው።»

«ይሄንን ይበሉ! ይሄንኑ ልክ እንዳሉት…»

«ላንተ ነገርኩህ እኮ። ለእሳቸውም ነግሬያለሁ።»

«እኚያ ዳኛ ተዛውረዋል፣ እትዬ።»

«ወንበሩ አለ አይደል?» አለች።

ምን ይበላት? ወንበሩ ያየውን አያስታውስም ይበላት? በሩ ተከፈተና ችሎት አስከባሪው ሽማግሌ የመዝገብ ቁጥሯን ጠራ። ሴትየዋ ቀሚሷን አስተካክላ ተነሳች፤ ጥቂት ሄዳ ተመለሰችና፣ «ሥራህን አክብረህ ያዝ፤ የመንግሥት እንጀራ ቀላል አይደለም» ብላ መከረችው።

ቅጂው ወደ ምድር ቤት የወረደው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጸሐፊዋ «የሴትዮዋ ነው፤ እኔ ልሥራው?» አለችው። በእንቢታ ራሱን ነቀነቀ። የጠዋቷን ጸሎት ሊደግም ፈለገ፣ አልመጣችለትም። ማዳመጫውን አደረገ።

የዳኛዋ ድምፅ ምሳ ሰዓት ላይ የሰማው አልነበረም፤ ይኼኛው ቀጥ ያለ፣ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር የሚሰማ ነው። «ሕጉ የቤተሰብ አባልን አይተረጉምም። ስለዚህ ትርጉሙ ከተከራካሪዎች አኗኗር መፈለግ አለበት። ተከሳሽ በዚህ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት መኖራቸው አልተካደም። ሆኖም ለሟች ምናቸው እንደሆኑ ከችሎቱ በቀጥታ ተጠይቀው መልስ እንዳልሰጡ ከመዝገቡ ገጽ ዘጠኝ ተመልክተናል። አንድ ሰው ስለ ራሱ ሊለው ያልቻለውን ፍርድ ቤት ሊልለት አይችልም።» እዚህ ላይ ጆሮ እጁን ከፊደሎቹ ላይ አነሳ። ከዚያ ተየበው። አንድም ፊደል አልሳተም። ተከሳሽ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቤቱን ለቀው ቁልፉን ለከሳሽ ያስረክቡ። ይግባኝ መብት ነው። «የሚሉት አለ?»

ዝምታ። ቆጠረ። በሃያዎቹ ውስጥ የጨርቅ መፋተግ። ሊሰማው እንደሆነ ከመሰማቱ በፊት አወቀው፤ ቀጭን፣ ብረት እንጨት ሲነካ።

«አሁን አይደለም፣ እናቴ» አሉ ዳኛዋ፤ አሁን ያ የምሳ ሰዓት ድምፃቸው ነው። «ገና ሠላሳ ቀን አለዎት። ያንሱት።» ማንም ምንም ሲያነሳ አይሰማም። የእርምጃ ድምፅ፣ የበር ድምፅ። ከዚያ ነገረ ፈጁ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «ክብርት ዳኛ፣ ቁልፉን መረከባችን ይመዝገብልን።»

ዳኛዋ ዝም አሉ። ጆሮ ይህንንም ቆጠረ፤ ሠላሳ ሦስት ሰከንድ። ስለ ዳኛ ዝምታ ደንቡ ምንም አይልም።

«ይመዝገብ» አሉ በመጨረሻ።

ጠዋት የሰማውን የሦስት ወር ቅጂ አወጣና ሃያ ዘጠነኛውን ሰከንድ ከፈተ። የአሁኑን ከፈተ። አንዱን፣ ሌላውን፣ ደግሞ አንዱን። ያው ድምፅ ነው። ያው ቁልፍ፣ ያው ጠረጴዛ፣ ያቺው እጅ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሰና ችሎቱ እንዳዘዘው ጻፈ፤ «ተከሳሽ ቁልፉን አስረክባለች።» ከሥሩ ፈረመ።

በመስኮቱ በኩል ጫማዎች ወደየቤታቸው እየቸኮሉ ነው። ጸሐፊዋ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። «ጆሮዬ፣ ጨረስክ እንዴ? ዳቦ ቤቱ ሳይዘጋ ሂድ እንጂ፣ ቤተሰብ ይጠብቅሃል።»

መልስ አልሰጠም።